ገበና የሚሸፍን ድድ

ሲቀላ ሰፈር ያለው የጥርስ ክሊኒክ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ሽታው የአባቴን እህት አመጣብኝ፤ እኔ አልጠራኋትም።

ልጅ ሆኜ ከቤተ ክርስቲያን ለመጡ እንግዶች የኩልፎ ወንዝ ዳር ማንጎ ቀርቦ ነበር። አንዱን ገምጬ ሳህኑ ላይ ስመልሰው ጥርሴ ያረፈበት ቦታ ላይ ደም ነበር። እንግዶቹ ሴቶች ሳህኑን ገፋ አደረጉት። አክስቴ ግን «ይቺ ማንጎ አይበቃትም፤ ራሷንም ትበላለች» ብላ አሳቀቻቸው።

በማግስቱ ድድ ነቃሽ አስጠራችልኝ። ቅርንፉድ አስያዘችኝ፤ «ያደነዝዝሻል» አለች፤ አላደነዘዘኝም። ነቃሿ በክር የታሰሩ መርፌዎቿን ጥላሸት ውስጥ እየነከረች ድዴን ስትወጋ፣ አክስቴ ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ «ቻይው። ጥቁር ድድ ገበና ይሸፍናል» ትለኝ ነበር። ገበና ምን እንደሆነ አልገባኝም።

ድዴ ጠቆረ፤ ጥርሴም ነጥቶ ታየ። አክስቴ ያሳቀቻቸው ሴቶች እንኳ «እንዴት ያምራል!» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ደሙን ማንም አላየውም። እኔም እየዋጥኩት ረሳሁት።

የክሊኒኩ ሐኪም በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። «እማማ፣ ድድዎ ይደማል?»

«ኧረ እኔ ጤነኛ ነኝ።»

ድዴን በጥጥ በቀስታ ስትነካው ጥጡ ቀላ። «ንቅሳቱ የድድዎን መቅላት ደብቆት ነው፤ እርስዎም አላወቁም። ጥርሶቹ ተነቃንቀዋል» አለች።

አፍሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አክስቴ ከሞተች ቆይታለች። ያለችው ግን ሆነ፤ ገበናዬን ከሰው ሁሉ ሸፈነችው፣ ከእኔም ጭምር።