የተለወጠው ፋን

ተርጓሚዋ የምትተዳደረው ቤቷ ባለው ዴስክቶፕ ነው። ሰሞኑን ግን ፕሮሰሰሩ እየጋለ ሥራ መሃል ድርግም ይልባት ጀመር። ከግድግዳው አራቀችው፣ አቧራውን አራገፈች፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ክዳኑን ፈትታ ስታየው፣ ፕሮሰሰሩን እንዲያቀዘቅዝላት መርጣ የገዛችው ትልቁ ፋን የለም። በቦታው ያረጀ ትንሽ ፋን ተገጥሟል።

በቀደም ኮምፒዩተሩን «ላጽዳልሽ» ብሎ የወሰደው የእህቷ ባል ነበር። ቤታቸው ሄደች።

«ፋኔን የት አደረስከው?»

«ላንቺ ጽሑፍ ያም ይበቃል ብዬ ነው» አለ፣ ዓይኑን በራሱ ኮምፒዩተር ከሚጫወተው ጌም ሳይነቅል።

«ብትጠይቀኝ እኮ እምቢ አልልህም ነበር!»

እህቷ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ትነቃብሃለች ብዬህ አልነበር?» አለችው።

ተርጓሚዋ ክው አለች። እሱስ ባዳ ነው፤ የእናቷ ልጅ እያወቀች ዝም ማለቷ አንጀቷን አቃጠላት። ፋኑን ከእሱ ኮምፒዩተር አስፈትታ ይዛ ወጣች። ኮምፒዩተሩ አሁን ደህና ይሠራል። እህቷ ትደውላለች፤ እሷ ግን እስካሁን አላነሳችም።