ሰባ ሁለት ያዢልኝ

ሽቦ ከሽቦ ጋር ሲነካካ የሚሰማው ያ ቀጭን ድምፅ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል። ሻይ ሳማስል ማንኪያው የብርጭቆውን ጠርዝ ሲነካው፣ ወይም ተሳፋሪ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር ቁልፎቹን በእጁ ሲያንቃጭል እሰማውና፣ ወዲያው ቆቦ ዳር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ እገኛለሁ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ተነቅለው ጫፋቸው ድንጋይ ላይ በተሳለ ሁለት ሽቦዎች ሹራብ ትሠራለች፣ ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይቆጥራል፣ እኛም የምናቋርጥበት ሰበብ ይዘን እናንዣብብባታለን።

ቆቦን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መሳቁ አይቀርም፣ በዚያ ሐሩር ሹራብ ምን ይሠራል? አባቴም ይስቅ ነበር። ከማሳ ሲመለስ ላቡን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ «ዘነቡ፣ ይሄን ሹራብ የምትሠሪው ለማን ነው፣ ለፀሐይዋ?» ይላታል፣ እሷም ቀና ሳትል «ሲበርዳት ትለብሰዋለች» ትለው ነበር። እማ ደገኛ ናት። ላስታ ብርድ ውስጥ አድጋ፣ ሹራብ መሥራትን ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ተምራ፣ አባቴን አግብታ ወደ ራያ ስትወርድ ሽቦዎቹን ልብሷ መሀል ጠቅልላ ይዛቸው ነው የወረደችው። ሠርታ አትሸጥም፣ ደስ ስለሚላት ብቻ ትሠራለች፣ በኛ ቤት ደግሞ ደስ ስለሚል ብቻ የሚሠራ ነገርን ማንም ተነስቶ ሊያቋርጠው ይችላል።

ስለዚህ የጀመረችው ነገር አያልቅም ነበር። የአባቴ ሹራብ ጀርባው ሳይሞላ ተተርትሮ ለታናሽ ወንድሜ ለሙሉጌታ የአንገት ልብስ ሊሆን ይጀመራል፣ የአንገት ልብሱ ደግሞ ሳያልቅ ሙሉጌታ አራት ዓመት ሞላው። ተጨርሳ ያየኋት አንዲት ነገር ብትኖር ከቆርቆሮ ሳጥኗ ታች የምታስቀምጣት ቀይ ኮፍያ ናት። እኔን አርግዛ ሆዷ ገፍቶ፣ ከቤት መውጣት ሲከብዳት የሠራቻት የእኔ የሕፃንነት ኮፍያ ነበረች።

ማቋረጡ የማይቀር መሆኑን ስላወቀች አንድ ዘዴ ፈጥራ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ከአጥሩ ወዲያ «ዘነቡ፣ ወንፊትሽን አውሺኝ፣ አላህ ይጨምርልሽ» ስትል፣ ወይም ሙሉጌታ ከግንብ ላይ ወድቆ ሲያለቅስ፣ እማ የደረሰችበትን መስመር ቁጥር አጠገቧ ላለ ልጅ ሰጥታ ትነሳለች። «ሰርኬ፣ አርባ አንድ፣ ያዢልኝ።» እኔም እሷ እስክትመለስ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ እያልኩ እቀመጣለሁ። ያን ጊዜ ማንም ቢያናግረኝ አልመልስም። አባቴ እንኳ ውሃ ሲጠይቀኝ እጄን ወደ እንስራው ብቻ እጠቁመው ነበር፣ «ቁጥር ይዛ ነው» ይልና ራሱ ይቀዳል። ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ የበለጠ ሹመት የለም።

በዚያ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከደጋ መልእክት መጣ። የእማ ታናሽ ወንድም ከጥምቀት በኋላ ሊያገባ ነው፣ እሷም እንዳትቀር ተባለ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ አንድም ቀን አገሯ አልሄደችም ነበር። መልእክቱን ያመጣው ሰው ግን የባሰውንም ጨምሮ ነገራት፣ ታላቅ እህቷ እትዬ አገሬ ሰው በተሰበሰበበት «ዘነቡማ ቆላ ወርዳ እጇንም ሙያዋንም እዚያው ጥላ ቀረች» ብላለች። እማ ለእንግዳው ጠላ ጨመረችለት። በማግስቱ ገበያ ሄዳ ሰማያዊ የሱፍ ክር ገዛች። «ይሄን ለራሴ ነው የምሠራው፣ ጥር ላይ ይሄን ለብሼ ነው የምገባው» አለች፣ አባቴም ፊቷን አይቶ በዚያን ቀን አልቀለደም።

ሰኔንና ሐምሌን ሙሉ የፊቱንና የጀርባውን ሠርታ ጨረሰች፣ አንደኛውንም እጅጌ በመቶ ስልሳ መስመር ዘጋች። ያለቀውን ሁሉ ከጥላሸትም ከኛም እጅ ለማዳን ሳጥኗ ውስጥ ትቆልፍበት ነበር። በቤታችን ሜትር የሚባል ነገር ስላልነበረ ሁለቱን እጅጌ እኩል የሚያደርጋቸው የመስመሩ ቁጥር ነበር። ነሐሴ ላይ ሁለተኛውን እጅጌ ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ በኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከወደ ምዕራቡ ተራራ የሚያጓራ ድምፅ ተሰማ። የራያ ሰው ያንን ድምፅ ከእንቅልፉም ቢሆን ይለየዋል። ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ እየወረደ ነው ማለት ነው፣ ደርሶ እስኪያልፍ ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ ጎርፉን ከወንዙ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ያላስገባ ሰው የዚያ ዓመት ማሽላው ሲጠወልግ ቆሞ ያያል።

«ጎርፍ መጣ!» ተባለ። አባቴ አካፋውን ይዞ ሮጠ፣ እማም ሽቦዎቹን በርጩማው ላይ ጥላ፣ አፈር የሚሞላበት ጆንያ ከጓዳ ጎትታ፣ እየሮጠች ዞር ብላ «ሰርኬ፣ ሰባ ሁለት፣ ያዢልኝ! ልጁን እንዳትለቂው!» አለችኝ።

ሙሉጌታን አዝዬ ሰባ ሁለት እያልኩ በረንዳው ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። ግን ሰው ሁሉ ሲሮጥ ማን ይቀመጣል? ማሳው ዳር ደርሼ ቆምኩ። ቡናማው ውሃ ቅርንጫፉንም ድንጋዩንም እያንከባለለ መጣ፣ ወንዶቹ ወገባቸው ድረስ ገብተው አንድ ትልቅ ግንድ ከቦዩ አፍ ለማስወገድ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» እያሉ ይጎትታሉ፣ ሴቶቹ አፈር የሞላ ጆንያ እየተቀባበሉ ግድቡን ይደፍናሉ። እትዬ ዘሃራ «ያ አላህ» ትላለች፣ እማም ከሷ ተቀብላ ለሚቀጥለው ስትሰጥ ቀሚሷ በጭቃ ተለውሶ ነበር። ግንዱ ተነቅሎ ውሃው ወደኛ ማሳ ሲዞር እኔም ከሰው ጋር ዘለልኩ፣ ሙሉጌታም ጀርባዬ ላይ ሆኖ ጮኸ። ከዚያ ወደ ቤት ስንመለስ ቁጥሩን ብፈልገው የለም። መጨረሻው ላይ ሁለት እንዳለ ብቻ አስታውሳለሁ።

እማ እጇን ታጥባ፣ ጭቃው እግሯ ላይ እንደደረቀ ተቀመጠችና ሽቦዎቹን አነሳች። «ስንት ነበርኩ?»

ጠፋኝ ማለት እችል ነበር፣ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ድካሟን አይቼ አዘንኩላት፣ ትልቅ ቁጥር ብሰጣት ወደ መጨረሻው የቀረበች መሰለኝ። «ዘጠና ሁለት» አልኳት።

«ዘጠና ሁለት? ገፍቻለሁ ለካ» አለችና ፈገግ አለች። ያ ፈገግታዋ ለብዙ ወር ምግብ ስበላም ስተኛም ይከተለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ፣ ጠጋ ስላት ሌላ ቁጥር ትሰጠኝና ትነሳለች፣ ያንን ይዤ ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቁጥር ጥዬ አላውቅም።

መስከረም አልፎ ማሽላው ዛላ አወጣ፣ ጥቅምት ላይ ግሪሳ መጣ። ያን ጊዜ ቤት የሚውል ሰው ስለሌለ እማ ሥራዋን ይዛ ማሳ ትወርድና፣ እኔ ማማው ላይ ወንጭፍ ይዤ ወፍ ስጠብቅ እሷ ከታች ጥላው ውስጥ ትሠራለች። «መቶ ሠላሳ ሦስት፣ ሁሽ! መቶ ሠላሳ አራት፣ ኧረ በስተቀኝሽ ሰርኬ፣ መቶ ሠላሳ አምስት» ስትል ከላይ ሆኜ እሰማታለሁ። ቁጥሩ ወደ መቶ ስልሳ በተጠጋ መጠን እኔ ወፉን እየረሳሁ ከሷ ጋር እቆጥር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «አለቀ!» ብላ እጅጌውን ወደኔ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። ከማማው ላይ ሆኜ ሳየው አጭር መሆኑ በግልጽ ታየኝ፣ ወይም መሰለኝ፣ ወንጭፌን አዙሬ ወፍ ወደሌለበት ወረወርኩ።

ማሽላው ታጭዶ ተወቅቶ ገባ፣ ገናም አለፈ። መኪና ልንሳፈር አራት ቀን ሲቀረን እማ ሳጥኗን ከፍታ የሹራቡን ክፍሎች ሰሌን ላይ ዘረጋች፣ መስፋት ጀመረችና ቆመች። አንዱን እጅጌ ከሌላው ላይ አደረገችው። ገለበጠችው። አራት ጣት ይጎድላል። ሰማያዊው ክር ደግሞ አልቋል፣ አባቴ ለናሙና ቁራጭ ክር ይዞ ገበያውን ዞሮ፣ ያ ቀለም አጎራባቾቹ ጎብዬና ሮቢት ገበያም እንደሌለ ሰምቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እማ አላለቀሰችም። «በቃ፣ በነጠላ እሄዳለሁ» ብላ ክፍሎቹን ማጠፍ ጀመረች፣ እኔ ግን ያን ስታጥፍ ማየት አልቻልኩም።

«እማ፣ ሰባ ሁለት ነበር» አልኳት። «ወይም ሌላ። ያን ቀን ጠፍቶኝ ነበር። ዘጠና ሁለት ያልኩሽ ቶሎ እንዲያልቅልሽ ብዬ ነው።»

የምታጥፈውን አስቀመጠች። መምታቷን ጠብቄ ነበር፣ ሳትመታኝ ስትቀር ሄጄ ከሳጥኑ ታች ቀይዋን ኮፍያ አውጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። «ይቺን ተርትሪያት።»

«እሷንማ አልተረትርም» አለች።

«የኔ አይደለች? እኔ ልተርትራት።»

ኮፍያዋን ለረጅም ጊዜ በጣቶቿ ስታሻሽ ቆየች፣ ከዚያ ጫፏን ፈልጋ ሳበችው፣ ቀዩ ክር እየተጠማዘዘ ሰሌኑ ላይ ወረደ። የአጭሩን እጅጌ ጫፍ ሽቦው ላይ አስገብታ ሁለቱንም ሽቦ አስያዘችኝ። «ያጎደልሽውን አንቺው ትሞዪዋለሽ። ሃያ መስመር ነው።»

በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ ሃያ መስመር ሠራሁ። አንዱን ሠርቼ ሁለቱን ትፈታብኝ ነበር፣ ጣቴ ቆሰለ፣ ሙሉጌታ ክሩን ይዞብኝ ይሮጣል፣ አባቴ በጉን መልሺ ይለኛል። እኔ ስነሳ ግን እማ ቡና እየለቀመችም ቢሆን ቀና ትልና «ስንት ደረስሽ? ስጪኝ» ትለኝ ነበር። «ሰባት» እላታለሁ። ተመልሼ ስመጣ «ሰባት» ትለኛለች። አንድም ጊዜ አልጣለችብኝም።

ደጋው እንደተባለው ብርድ ነበር፣ እኔ የቆላዋ ልጅ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እማ ነጠላ ስር ተወሸቅኩ። ሠርጉ ቤት ስንገባ እትዬ አገሬ እህቷን አገላብጣ ስማ፣ ሰማያዊውን ሹራብ ዳሰሰችና ዓይኗ የእማ ግራ እጅጌ ላይ ቆመ። አንዱ መስመር ሰፍቶ ሌላው ጠቦ የተጣመመው ቀይ ጫፍ ከሩቅ ይታያል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እማ ግን እጅጌውን ወደ ላይ አልሰበሰበችውም። «እሱን ልጄ ናት የሠራችው» አለች፣ እኔንም ከነጠላዋ ስር ጎትታ አወጣችኝ፣ «ስምንት ዓመቷ ነው።» እትዬ አገሬ እኔን አየች፣ ቀዩንም አየች፣ ከዚያ እጄን ይዛ ጣቴ ላይ ያለውን ቁስል ሳመችው። «እሰይ፣ ሙያሽን ጥለሽ አልቀረሽም» አለቻት እማን።

አሁን ወልድያ አስተምራለሁ፣ ባልና ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እኔም ማታ ማታ ሹራብ እሠራለሁ፣ ይኸው እኔም አልጨርስም። ሽቦዎቼ ከሱቅ የተገዙ ናቸው፣ ቁጥሩንም ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። እያደር ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ ሹራብ መሥራት የለመደ ሰው የሠራውን ዘርግቶ መስመሩን በጣቱ መቁጠር ይችላል። ባለፈው ክረምት ቆቦ ደውዬ ይሄንኑ ጠየቅኳት። «እማ፣ መቁጠር ትችይ አልነበረም እንዴ? ለምን እኛን ታስይዢን ነበር?»

«እችል ነበር» አለች። «ግን እናንተ ጋ አለ ብዬ ስነሳ ልቤ አይንጠለጠልም። እዚያው የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር።»

አባቴ አርፏል፣ ሙሉጌታም ሥራ ይዞ ደሴ ነው። የእማ በረንዳ ጭር ብሏል፣ እንደ ልቧ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትሠራ የሚያቋርጣት የለም፣ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ሹራብ ጨርሳ ለልጆቼ ልካለች፣ እሷ ግን «ሥራው ፈጠነ እንጂ አልጣመኝም» ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ እንደዚሁ ስናወራ፣ ከበስተጀርባዋ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። እትዬ ዘሃራ ናት፣ አሁንም አንድ ነገር ልትዋስ። «ሰርኬ፣ ሠላሳ ስምንት፣ ያዢልኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስምንት እያልኩ ሳለ ምድጃ ላይ የጣድኩት ወተት ገነፈለ። አጠገቤ የቤት ሥራዋን ለምትሠራው ልጄ «ሠላሳ ስምንት፣ ያዢልኝ» ብያት ሮጥኩ።

ወተቱን አውጥቼ፣ ምድጃውን ጠርጌ፣ ትንሹን ልጅ ከማብሰያው አርቄ ስመለስ እማ ደውላ ልጄ አንስታለች። እርሳሷን እንደያዘች፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ አያቷ ሰላም ሳትላት በፊት «ሠላሳ ስምንት» አለቻት።