የመፈተሻ ነጥብ

የያዙኝ በደራ መንገድ ዳር፣ አንድ ገበሬ ማሳ ውስጥ ሸራዎቼን ዘርግቼ ስጨርስ ነው። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ነጭ ነበሩ። ካርታ ለመሥራት ከአውሮፕላን ላይ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዓይኑ ይመረመራል። ጥቁሩን ጥቁር፣ ነጩን ነጭ አድርጎ ማየቱን፣ የመሬቱንም ርቀት ሳያሳጥር ሳያስረዝም መለካቱን የምናውቀው እንዲህ ያለ ምልክት መሬት ላይ አስቀምጠን ነው። ይህን ሁሉ ለቀበሌው ሊቀመንበር ጠዋት አስረድቼው ነበር፤ ሻይም ጋብዞኛል። ሚሊሻዎቹ ሲመጡ ግን ሊቀመንበሩ የት እንደገባ አላውቅም።

"ይሄ የማን ባንዲራ ነው?" አለኝ አንደኛው ሚሊሻ።

ባንዲራ እንዳልሆነ፣ ለካሜራ እንደሆነ ነገርኩት። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ገበሬውም አየ። እኔም ሳላስበው አየሁ፤ ከአንድ ጭልፊት በቀር ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ ሰው ሰማይ የሚያየው ድሮን መጣ ብሎ በፍርሃት ነበር። ከላይ የሚታይ ምልክት በሰው ማሳ ላይ ዘርግቶ የተገኘ ሰው ደግሞ ቢምልም የሚያምነው የለም። አልፈርድባቸውም። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር፤ እንጀራዬም መጠርጠር ነው።

አዳማ አምጥተው አንድ ጣቢያ ጓሮ ያለ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ። ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ ግድግዳውን የተደገፈ ሰው ሁሉ ጀርባው ነጭ ይሆናል። ከላይ ቆርቆሮ ነው። የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ስትወጣ ሰው ሁሉ በካናቴራ ይቀመጥና ላቡን በፌስታል ቅዳጅ ያራግባል። ጥግ ላይ የሽንት ጀሪካን አለ። ከግድግዳው ባሻገር ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ሲያልፉ ወለሉ ይንቀጠቀጣል።

የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ መልካሳ አካባቢ እህል የሚነግድ፣ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነበር። "አካም ጂርታ? ጫማህን በር ላይ አውልቅ" ብሎ ተቀበለኝ። ምን ሠርቼ እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ካሜራ፣ አውሮፕላን፣ ነጥብ የሚሉትን ቃላት ስጠራ ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ብቻ ፈገግ ብሎ ከፍራሹ ግማሹን ለቀቀልኝ።

"እዚህ ተኛ፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። ወለሉ ይበርዳል" አለኝ።

በዚያ ሙቀት ወለል ይበርዳል መባሉ አሳቀኝ። ወዲያው ደግሞ ይሄ ሰው ለምን ቶሎ ቀረበኝ ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነኝ።

ክፍሉ አንዲት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነበረችው፤ እንዴት እንደገባች አልጠየቅሁም። በሽሮ ዱቄት ፌስታል ውስጥ ተቀብራ ትውላለች። በተራ እየወጣች አንዱ የልጁን፣ ሌላው የእናቱን ድምፅ ይሰማባታል። ተራ ሲያዝ አይቻለሁ፤ የእኔ ግን ገና አልደረሰም። ባለቤቴ የት እንዳለሁ አታውቅም ነበርና ያቺን ስልክ በዓይኔ እከተላት ነበር።

መርማሪው ሲያስጠራኝ ሲቪል የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ሆኖ አገኘሁት። መሣሪያዬን ከፍተውታል። ጂፒኤሱ ላይ የመዘገብኳቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ አይቷቸዋል።

"እነዚህን ለመሥሪያ ቤትህ ልከሃል" አለ። "እነዚህን ግን አልላክህም። ለምን?"

"የመፈተሻ ነጥቦች ስለሆኑ ነው። ካርታውን የሚሠሩት ልጆች እንዲያውቋቸው አይፈለግም።"

"ከራስህ ሰዎች ደብቀሃል።"

"አሠራሩ ነው። ነጥቡን ካወቁት ካርታውን እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ያስተካክሉታል። ሳያውቁት ልክ ከመጣ ግን ካርታው እውነት ነው ማለት ነው።"

"ስለዚህ ሰው አታምንም።"

"ካርታ ነው የማላምነው።"

"ልዩነቱን አስበህ ንገረኝ" አለና ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ፤ ጠባቂዎች በሩን ከፍተው ገቡ። ፍራሽ አልገለበጡ፣ ሰው አልፈተሹ። በቀጥታ ወደ ሽሮው ፌስታል ሄደው ወለሉ ላይ ደፉት። ስልኳን አንስተው አቧራዋን ነፉና ወጡ። ሽሮው እግራችን ስር ተበትኖ ቀረ። ከዚያ ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከቤት የሚመጣ ምግብ ሁሉ በአንድ ትሪ ተደምሮ ነበር የሚበላው፤ የእኔን ድርሻ በክዳን ለብቻው አደረጉልኝ። ካቦው መኝታዬን ከጀሪካኑ ጎን አዞረው። የባጃጅ ሹፌሩ ፍራሹን ሲስብ ወደ ግድግዳው ፊቱን አዙሮ ነበር። ስጠጋ ወሬ ይቆማል፤ ስርቅ ይቀጥላል። ጆሮ ጠቢ መባል እንዲህ ነው። አንድ ሰው እንኳ ፊት ለፊት ቢጠይቀኝ ብዬ ተመኘሁ፤ መልስ የሚሰጥበት ጥያቄ አልነበረም። የቀረኝ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ እንዲያምኑኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስነሳ ካቦው አጠገቤ ቆመና ጎንበስ አለ።

"ሌላ ስልክ አለን" አለኝ በሹክሹክታ። "ከጣሪያው ማገር ላይ ነው። ተራህ ሲደርስ ለቤትህ ትደውላለህ። ለማንም እንዳትናገር።"

ዓይኔ እንባ ሞላ። ውሃውን ፊቴ ላይ ደፍቼ ሸፈንኩት።

በዚያው ቀን መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። ስለ ነጥቦቼ አንድም ቃል አላነሳም። ውሃ አስመጣልኝ።

"አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ከእነሱ ጋር ምን አገናኘህ?" አለ። "ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚወራ፣ ምን እንደሚደበቅ ንገረኝ። ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።"

ስለ ባለቤቴ አሰብኩ። ማገሩም ታየኝ።

"ያየሁት ነገር የለም" አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ሰማሁ እንጂ አላየሁም።

በማግስቱ ጠባቂዎቹ ገቡ። በዚህኛው ፍተሻ ሁላችንንም ግድግዳ አስይዘው ፍራሾቹን ገለባበጡ። በር አጠገብ ያለውን አንዱን ፍራሽ በቢላ ቀደዱት። ስፖንጁ ተበታተነ፤ ምንም አላገኙም። ማገሩን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

በሩ ሲዘጋ ካቦው ወለሉ መሐል ቆመ።

"ስልክ የለም" አለ። "ለሁለት ሰው ብቻ፣ ሁለት የተለያየ ቦታ ነገርኩ። ለዚህ ማገር አልኩት።" ወደ እኔ ጠቆመ። "ለዚህ ደግሞ የበሩን ፍራሽ።" ጣቱ ወደ ባጃጅ ሹፌሩ ዞረ።

ሹፌሩ "ወላሂ አልተናገርኩም" አለ። ፍራሹን ይዞ ወደ ጀሪካኑ የሄደው ማንም ሳያዘው ነው። የክፍሉን ሕግ ያውቀዋል።

እኔ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ሌላው "አይዞህ፣ ይቅር በለን" አለኝ። ምሳ ሲመጣ ትሪው ዳር ቦታ ተለቀቀልኝ። ካቦው የሠራው እኔ ማሳ ላይ የምሠራውን ነበር፤ ነጥብ ደብቆ መጠበቅ። በደንብ የተሠራ ሥራ ሳይ ደግሞ ከልቤ አደንቃለሁ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ካቦው ራሱ አጎረሰኝ። እያላመጥኩ ሳለ አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። የመፈተሻ ነጥብ የትም አይቀመጥም። አውራ ጎዳና መሐል፣ ድልድይ ላይ፣ ማንም ሰነፍ ሳይለፋ ልክ በሚያመጣው ቦታ ላይ ያስቀመጥከው ነጥብ ምንም አይነግርህም። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

"ጋሼ" አልኩት፤ "ፍተሻ ሲገባ መጀመሪያ የሚገለበጠው ምንድን ነው?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ፍራሽ ነው" አለ አንዱ ከወዲያ።

"የበሩ ፍራሽ ደግሞ ከሁሉም ይቀርባቸዋል። ማንም ሳይነግራቸውም ይቀድዱት ነበር። እርስዎ የነገሩት ቦታ ማንም የሚያገኘው ነው። እሱ ይናገር አይናገር በዚህ አይታወቅም።"

እጆች ትሪው ላይ ቆሙ። ካቦው በጨርቅ ጣቶቹን ጠረገ።

"አንተን ያጠራህ ይኸው ፈተና ነው፤ ልታፈርሰው ነው?"

"እንዲያም ቢሆን እውነቱ ይህ ነው፣ ጋሼ።"

"ወይስ አብራችሁ ናችሁ?"

ሰው ሁሉ እንደገና ወደ እኔ ዞረ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ገና ዛሬ ነበር የተላቀቅኩት። ዝም ብዬ መብላት እችል ነበር። ፈራሁም። ግን ያ ሰው ከጀሪካኑ ጎን ተቀምጦ፣ ክዳን ላይ የተደረገችለትን ቁራሽ ሳይነካ ሽሮ የፈሰሰበትን ወለል በጣቱ ይፍቅ ነበር። እኔ እዚያ ሳለሁ የእኔም ጣት ያንኑ ወለል እንዲያ ይፍቅ ነበር።

ድርሻዬን በእጄ ይዤ ተነሳሁ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና የእኔን በክዳኑ ላይ ከእሱ ጋር ደባለቅሁት።

"ሂድ" አለኝ በዝግታ። "ለእኔ ብለህ አትበላሽ።"

"ብላ" አልኩት።

በላን። ንጹሕ ነህ አላልኩትም፤ አላውቅማ። እሱም እምልልሃለሁ አላለኝም። እስክወጣ ድረስ የምንበላው ከዚያ ክዳን ላይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ለቀቁኝ። ለምን እንደያዙኝ አልነገሩኝም፤ ለምን እንደለቀቁኝም እንዲሁ። መሣሪያዬን ከነቦርሳው ሰጡኝ። ግራጫው ሸራ ብቻ ጠፍቶ ነበር። ከክፍሉ ስወጣ ካቦው አይቶኝ "እንግዲህ" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ቀድሞ የተፈታ ሰው ምን ተብሎ እንደሚታማ አውቃለሁ። ዛሬም አንዳንዶቹ ስሜን ሲሰሙ ያንን "እንግዲህ" እንደሚሉ አልጠራጠርም።

ሥራዬን አልተውኩም። አሁን በአብዛኛው አዳሚ ቱሉ በኩል ነው የምውለው፤ የሳተላይት ምስል ልክ መሆኑን ለማጣራት ሸራ እዘረጋለሁ፣ እለካለሁ፣ ነጥቦቼን እደብቃለሁ። ካርታን እስከዛሬ አላምንም፤ ባለማመኔም ካርታ ከፍቶት አያውቅም። ሰው ግን ይከፋዋል። መርማሪው አስበህ ንገረኝ ያለኝን ልዩነት አሁን ቢጠይቀኝ የምመልስለት ይህንን ነበር።

የባጃጅ ሹፌሩን አዳማ ውስጥ አገኘዋለሁ። ከሩቅ ካየኝ ተሳፋሪ ትቶ ይመጣል፤ ሒሳብ አይቀበለኝም። ባለቤቴ "በስተመጨረሻ እሱ ነበር ወይስ አልነበረም?" ትለኛለች። አላውቅም እላታለሁ። በሥራዬ "አላውቅም" ሙሉ መልስ ነው፤ ይጻፋል፣ ይፈረምበታል፣ ማንም አያፍርበትም።

ባለፈው ሳምንት ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ሲያደርሰኝ በመስታወቱ አየኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "ያኔ አምነኸኝ ነው?"

"አብረን በላን እኮ" አልኩት።

"መብላቱንማ በላን" አለ። "እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው።"

ቤቴ ደጃፍ ደረስን። ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ እንደገና አነሳሁ። የሆነ ነገር ልል አፌን ስከፍት ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ ወረድኩ፤ እሱም እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ።