የታፔላዋ ግመልና የወተት ጠብታ

ስካን የተደረገ ስዕልን ወደ ቬክተር መለወጥ የተማርኩ ሰሞን ነገር ዓለሜ እሱ ሆኖ ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ እለውጣለሁ!

ታዲያ አንድ ቀን ነገሌ ወዳለው ማስታወቂያ ቤቴ፣ የግመል ወተት የሚሸጡት አዴ ዳርሚ ከሴት ጓደኞቻቸው ጋር መጡ። "ናጋ፣ ሰላም ነው ልጄ! ሱቃችን ነገ ይከፈታል፤ ይህችን ታፔላ ላይ አድርግልን" ብለው በእርሳስ የተሳለች ግመል ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ ከጀሪካናቸው የተንጠባጠበ ወተት ደርቋል።

ስካን አድርጌ የመለወጫውን ቁልፍ ስጫን፣ ግመሏ ግድግዳ ብታክል እንኳ የማትደበዝዝ፣ መስመሯ ሁሉ እንደፈለጉ የሚጎተት የቬክተር ስዕል ሆና ብቅ አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም! ችግሩ፣ የወተቱ እድፍም አብሮ ተለውጦ እግሯ ሥር ጉብ ብሏል።

"ቆይ ይህን ላጥፋው" ብዬ ማውሱን ሳስጠጋ፣ አዴ ዳርሚ እጄን አፈፍ አደረጉት።

"እንዴ! ግልገሏን? ግመል ግልገሏ ካልቀረባት መቼ ወተት ትሰጣለች!"

ትክ ብዬ አየሁት፤ እውነትም ግልገል! እግር ብቻ ነው የጎደለው። መስመሩን ጎተት ጎተት አድርጌ አራት እግር ሳወጣለት ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

አዴ ዳርሚ ብቻ ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በስጋት፣

"ልጄ፣ ግልገሏም አድጋ መታለቧ አይቀርም፤ ሴት ናት አይደል?"