የጅብራው ቅጠል የደረቀበት ቦታ

ላብራቶሪ የገባሁ ዕለት አለቃዬ ዶክተሩ ብልቃጥ እንዳጥብ አዘዙኝ። ሦስት ጊዜ በውኃ፣ አንድ ጊዜ በአልኮል። "ቆሻሻ ብልቃጥ ያሳስታል" አሉኝ። በብልቃጥ አጠባ ሁሌም ተመስግኛለሁ። የማፍርበት ሌላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጅብራን እንድንመረምር ተወሰነ። ጅብራ በደጋ የሚበቅል፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ተክል ነው። ሎቤሊን የሚባል አልካሎይድ፣ ማለትም መራራ የተክል ንጥረ ነገር፣ ይኖርበታል ብለን ጠርጥረናል። ሎቤሊን እንደ ትምባሆው ኒኮቲን ነርቭን ይነካል፤ በጥቂቱ ትንፋሽ ያፋጥናል፣ ሲበዛ ያስታውካል፣ ያንቀጠቅጣል። ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል። ስለዚህ ቅጠሉ በጥላ፣ ነፋስ እያገኘው መድረቅ አለበት።

የመንዝ ልጅ ነኝና ወደ ጓሳ የተላክሁት እኔ ነኝ። ጓሳ የአገሬው ሰው በጋራ የሚጠብቀው የሣር መሬት ነው፤ ሲዘጋ ሣር እንኳ አይታጨድም። የጓሳው ጠባቂ ጋሽ ዘውዴ ግን ጓሳን በሚያስተዳድረው የአገሬው ጉባኤ ፊት ቆሙልኝ።

"ይህን የቀመሰ በግ ትንፋሹ ሲጣደፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ትመርምረው፤ እኔ ዋስ ነኝ" አሉ። ተፈቀደልኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ጉሙ አልገፈፈም። ቅጠሉ ሊሻግት ሆነ። አክስቴ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ዘረጋሁት፤ በእኛ አገር እርጥብ ነገር የሚደርቀው እዚያ ነው። በሁለት ቀን ተንኮሻኮሸ። የናሙናው ቅጽ ላይ "በጥላ ደረቀ" ብዬ ጻፍኩ። ጣራ ሥር ነው እኮ፣ አልኩ ለራሴ።

ዱቄቱን አሲድ ባለበት ውኃ ዘፈዘፍን፣ አጠለልን፣ መለያውን ፈሳሽ ጠብ አደረግንበት። አልካሎይድ ካለ ብርቱካንማ ዝቃጭ ይወርዳል። ምንም አልወረደም።

"በጥላ ነው ያደረቅሽው?" አሉ ዶክተሩ።

"አዎ፣ ዶክተር።"

"እንግዲያው ሽማግሌው ተሳስተዋል።" ይህንኑ ለጉባኤው ጻፉ።

በዓመቱ ለሠርግ ስሄድ ጋሽ ዘውዴ ከጥበቃው መነሣታቸውን ሰማሁ። "ጓሳን ለወሬ ያስቆረጠ" ይሏቸዋል። ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው።

"ቆጥ ላይ?" አሉ። "እኔማ ያየሁትን አውቃለሁ፣ ልጄ። ዋስ የሆንኩሽ ግን ጉባኤ ፊት ነው። አንቺም እዚያው ንገሪልኝ።"

እሺ አልኳቸው፤ አልሄድኩም። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል፤ አፈርኩ። ለዶክተሩ ብቻ ተናዘዝኩ። ከሌላ ደጋ ቅጠል አስመጡ፤ በጥላ ደረቀ፤ ብርቱካንማው ወረደ። የማረሚያ ደብዳቤ ላኩ፣ በጉባኤውም ተነበበ። ጥበቃውን እንዲመለሱበት ሲጠየቁ ጋሽ ዘውዴ "ልጅቱ ራሷ መጥታለች?" አሉ አሉ። አልመጣችም ሲሏቸው ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለአዲስ ቴክኒሻኖች የምለው አንድ ነው፦ ምድጃ ላይ የደረቀውን "ምድጃ ላይ ደረቀ" ብላችሁ ጻፉ።