ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ግመል

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ በባቡር ወርጄ ድሬዳዋን ጎበኘሁና ያየሁትን ሳልሸፋፍን ጋዜጣ ላይ ጻፍኩ። «ዘፋኞቿንና ልብስ ሰፊዎቿን ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የተሳለው ግመል ግን አህያ ነው» አልኩ። እስከ ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም።

በዓመቱ ተመልሼ እዚያው ሻይ ቤት ገባሁ። የሚያውቀኝ ያለ አልመሰለኝም። ሻዬን ስጠጣ ግን ሰዉ አንዴ እኔን፣ አንዴ ከጀርባዬ ያለውን ግድግዳ እያየ በሶማልኛም በኦሮምኛም ይንሾካሾካል። አንዱ ጭራሽ ባርኔጣዬን እንዳላወልቅ ለመነኝ። አላበኝ፤ ተነስቼ ግን አልወጣሁም።

በመጨረሻ ሠዓሊው ራሱ፣ ሽርጥ ያሸረጠ ሽማግሌ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋዜጣ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ?» አለኝ። ድሬ ላይ ለማንም አንቱ አይባልም።

«እኔ ነኝ። አሁንም አህያ ነው እላለሁ» አልኩት።

«እሺ፣ አህያ ይሁን» አለ በእርጋታ። «ከሄድክ በኋላ ትንሽ ነገር ጨምሬበታለሁ። እስቲ ዞር በልና አህያው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ማንን እንደሚመስል ንገረኝ።»

ዞርኩ። ባርኔጣው ሳይቀር እኔው ነኝ።