የአዳዳ ዶሮዎች ክንፍ

እጃጂ ውስጥ ልጅ ሳለሁ፣ ተረት ቤታችን የገባው ከአዳዳ ጋር ነው። አዳዳ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ከሸነን ወዲያ ካለ ገጠር፣ ዶሮዎቿን በቅርጫት አድርጋ በነጠላዋ ሸፍና በአውቶቡስ መጣች። ለምን እንደመጣች ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ከትልልቆቹ ወሬ እየለቀምኩ ነው የደረስኩበት። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ሊወርሳት ፈልጎ ነበር። በእነሱ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት ከከብቱና ከመሬቱ ጋር ለወንድም ታልፋለች። እሷ እምቢ ብላ ወጣች።

አባቴ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነበር፤ የጴንጤ ቤተሰብ ስለነበርንም እንዲህ ያለውን ውርስ አይወድም። እህቱን ሳያመነታ ተቀበላት። ነገር ግን የባሏ ዘመዶች ለገበያ እጃጂ ድረስ ስለሚመጡ፣ ጉዳዩ በሽማግሌ እስኪያልቅ ከግቢ እንዳትወጣ ነገራት። ገበያ መውጣት ቀረ፣ ወንዝ መውረድ ቀረ፣ እሁድ ጸሎት ቤት መሄድም ቀረ። የቆርቆሮ በራችን በተንኳኳ ቁጥር አዳዳ የያዘችውን ጥላ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር፤ እንግዳው ሻይ ጠጥቶ፣ ተጫውቶ፣ እስኪሄድ ድረስ ድምጿ አይሰማም።

ሲመሽ ግን ማንም ስለማይመጣ አዳዳ የእኛ ትሆናለች። ያኔ መብራት ከሚበራባቸው ምሽቶች የሚጠፋባቸው ይበዙ ነበር። የኩሽናችን በር መዝጊያ አልነበረውም፤ የባሕር ዛፉ ጭስ በዚያ እየወጣ፣ ፍሙ አመድ ለብሶ፣ የኩራዙ ብርሃን ግማሽ ፊቷን ብቻ እያሳየኝ፣ «ዱሪ ዱሪ» ብላ ትጀምራለች፤ ድሮ ድሮ ማለቷ ነው። በኦሮምኛ ጀምራ እናቴ ስትገባ ወደ አማርኛ ትሻገራለች፣ እናቴ ስትወጣ ደግሞ ትመለሳለች፤ እኔ የት ላይ እንደተሻገረች ልብ አልልም ነበር።

ዶሮዎቿ ከእሷ ይልቅ ነፃ ነበሩ። ማታ ግቢያችን ውስጥ ካለው ዋንዛ ላይ በርረው ይሰፍራሉ፣ ጠዋት ከዛፉ ተነሥተው አጥሩን ይሻገራሉ። ከአጥሩ ወዲያ የኦቦ ቶሎሳ ጓሮ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ የሽንኩርት ችግኝ የሚያፈሉ የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ የአዳዳን ጉዳይ ከያዙት ሽማግሌዎችም ዋነኛው እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን የተጫረ ችግኝ በእጃቸው ይዘው መጡ። አዳዳ ጓዳ፣ እኔ የጓዳው በር ላይ ነበርን። ኦቦ ቶሎሳ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«እኔ ለእህትህ እደክማለሁ፣ የእህትህ ዶሮዎች የእኔን ድካም ይጭራሉ» አሉት አባቴን። «ወይ ክንፋቸውን ቁረጡ፣ ወይ እረዷቸው።»

የዚያን ቀን ማታ አባቴና አዳዳ ተነጋገሩ። እሷ ክንፋቸው ከተቆረጠ ዛፉ ላይ መውጣት እንደማይችሉ፣ ሸለምጥማጥ ደግሞ ማታ ማታ በአጥሩ ሥር እንደሚመላለስ ነገረችው። አጥሩን ከፍ እናድርገው አለች። ቤት ውስጥ ይደሩ አለች። አባቴ ዶሮ ከሰው ጋር ማደሩን በጤና ሠራተኛነቱ አይፈቅድም፤ ለአጥሩም ክረምቱ ይውጣ አለ።

«ላባ እኮ ነው፤ እንደ ፀጉር መልሶ ይበቅላል» አላት።

«እስኪበቅል ማን ይጠብቃቸዋል?»

አባቴ፣ ጉዳይሽ በኦቦ ቶሎሳ እጅ ነው አለ። አዳዳም ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። በሰው ቤት ያለች ሰው ክርክር የት ድረስ እንደሚሄድ የምታውቅ ይመስለኛል።

እሱ ከወጣ በኋላ ተረት አምጪ አልኳት። ዶሮና ቆቅ እህትማማቾች ነበሩ አለችኝ። በረሃብ ዘመን ዶሮ ወደ ሰው ቤት ሄደች። ሰውየው እህል አለኝ፣ አጥር አለኝ፣ ብቻ ሲመሽ እንድትመለሺ አላት። ሲመሽ መመለስ ምን ይከብዳል ብላ ገባች። ቆቅ ከጫካ ዳር ሆና ነይ እያለች ትጠራታለች፤ ዶሮም ነገ ትላታለች። ዛሬም ቆቅ ስትጮኽ ዶሮ አንገቷን ቀና የምታደርገው ለዚህ ነው አለችኝ። ከዚያስ አልኳት። አዳዳ ፍሙን በእንጨት ገለጥ አድርጋ እያየች፣ «ከዚያማ መሸ» አለች።

ጠዋት መቀሱን ከአባቴ እጅ ተቀበለችው፤ የእኔን ዶሮዎች ሌላ ሰው አይቆርጣቸውም አለች። እኔ እያቀፍኩ ያዝኩላት። የእያንዳንዷን አንድ ክንፍ ብቻ ዘርግታ ረጃጅሞቹን ላባዎች ቆረጠች፤ ሁለቱም ከተቆረጡ ሚዛን ጠብቀው ሊነሡ ይችላሉ፣ አንዱ ከሆነ ግን ያጋድላሉ። ደም የለውም፣ አይጮኹምም። የዶሮዋ ልብ ግን መዳፌ ላይ እንደ ዝናብ ይመታ ነበር።

ማታ ወደ ዋንዛው ዘለሉ፣ አጋድለው ወደቁ፣ እንደገና ዘለሉ። አዳዳ ትንሽ ካየቻቸው በኋላ አንድ በአንድ እያነሣች ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀንበር ስትጠልቅ ሥራዋ ይህ ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ኦቦ ቶሎሳ ቤት የተቀመጡት ክረምቱ ሳይወጣ ነው። አዳዳ ከመጣች ጀምሮ በራችንን አልፋ የወጣችው ያን ቀን ገና ነው። እናቴና እኔ ጸሎት ቤት ነበርን። ነገሩ ከተጠበቀው በላይ ረዘመ። የሽማግሌዎቹ ቃል፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ ውርሱ ይቅር፣ ነገር ግን ልጅም ስለሌላት ወደ ባሏ አገር ተመልሳ በወንድሙ ጥላ ሥር ትኑር የሚል ነበር። ጥላው ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። አዳዳ ተነሥታ፣ «ያላችሁኝን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ ይህን ግን አላደርግም» አለቻቸው። አባቴም፣ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እህቴ አትሄድም አለ። ስብሰባው ሳይቋጭ ተበተነ።

መሽቶ ለዓይን ያዝ አድርጎ ነበር። እኛ ከጸሎት፣ እነሱ ከኦቦ ቶሎሳ ቤት፣ በሩ ላይ ተገናኝተን አብረን ገባን። ከዋንዛው ሥር ላባ ተበትኖ ነበር። አንዲት ዶሮ ብቻ ከማገዶው ክምር ውስጥ ተደብቃ ተረፈች። አባቴ እዚያው እንደቆመ ቀረ። አዳዳ አላለቀሰችም፤ መጥረጊያ አምጥታ ላባውን ጠረገች፤ አባቴ መጥረጊያውን ሊቀበላት ቢሞክር አልሰጠችውም።

ኦቦ ቶሎሳ በማግሥቱ በራሳቸው በኩል አጥሩን በቀርከሃ ከፍ አደረጉት። የአዳዳ ጉዳይ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዓመታት በኋላ የባሏ ወንድም ሌላ ሚስት አግብቶ ነገሩን ረሳው ተባለ፤ አባቴም አሁን ውጪ፣ የፈለግሽበት ሂጂ አላት። እሺ ትላለች፣ አትወጣም። በሩ ሲንኳኳ አሁንም ትነሣለች። እኔ አድጌ፣ ከአዳዳ ቁመት በልጬ፣ እሷ ገና ያችኑ ጓዳ ትገባ ነበር።

ከተረቶቿ ብዙው ከእኔ ጠፍቷል፤ መጀመሪያቸው ትዝ ይለኝና መጨረሻቸው ይምታታብኛል። የቀረልኝ አንድ ሌላ ነገር ነው። ተምሬ አምቦ ሥራ ስይዝ ወሰድኳት። በገበያ ቀን ዘንቢል ሰጥቼ፣ አብሬሽ ልሂድ ስላት አይሆንም፣ ብቻዬን እሄዳለሁ አለችኝ። ጠዋት የወጣች እስከ ከሰዓት አልተመለሰችም፤ መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። እያዘገመች፣ አቧራ ለብሳ፣ ባዶ ዘንቢል ይዛ መጣች። ምን ፈልገሽ አጣሽ አልኳት።

«ምንም» አለችኝ። «ዞርኩ።»